የአረንጓዴው ቀሚስ ቅምቅማት

ሰው ሰባ አንድ ዓመት ሲሞላው ነገር ይጠፋበታል። መነጽር ይጠፋል፣ ቁልፍ ይጠፋል፣ የጎረቤት ስም ምላስ ጫፍ ላይ ደርሶ ይጠፋል። ይሄ ወግ ነው፣ ማንም አይደነግጥበትም። ጋሽ ሜትርን የገጠመው ግን የተገላቢጦሽ ነበር፤ ያልሠራው ሥራ ተሠርቶ እያገኘ መጣ።

«ጋሽ ሜትር» ያለው ሰፈሩ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ልብስ ሲሰፋ ኖሮ፣ ዛሬም አረጀሁ ብሎ መለኪያ ሜትሩን ካንገቱ አያወርድም፤ ሐኪም ቤት እንኳ አንጠልጥሎት ይሄዳል። የሚኖረው ከአንድ ልጁ ጋር ነው። ልጁ ዳቦ ቤት ነው የምትሠራው፤ ጎህ ሳይቀድ ትወጣና ከሰዓት በኋላ ዱቄቱ ቅንድቧ ላይ እንዳለ ትመለሳለች። ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው፤ መልኳ የአባቷ፣ ንዴቷ የእናቷ። እናትየው ከሞተች ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል።

ቤታቸው ከላይ ሁለት ክፍል፣ ከታች አንድ ክፍል ነው። ታችኛው የጋሽ ሜትር መስፊያ ቤት ነው። አንድ በእግር የሚነዳ የስፌት መኪና፣ አንድ ሰፊ የመቁረጫ ጠረጴዛ፣ ጥግ ላይ ደግሞ ቀሚስ የሚለካባት አሻንጉሊት፤ ራስ የላትም፣ እጅ የላትም፣ በአንድ የእንጨት እግር ቆማለች። የለበሰችው አረንጓዴ ቀሚስ ነው፤ የሟች ሚስቱ። የቀሚሱ ታችኛው ጠርዝ ዙሪያውን ተተርትሮ፣ ሳይቀመቀም፣ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት እንዲሁ ተንጠልጥሏል። ደንበኛ ሁሉ «ጋሼ፣ ይቺን መቼ ነው የምትጨርሳት?» እያለ ይቀልድበታል። እሱም «ባለቤቷ ስትመጣ» ብሎ ይመልሳል። አፍ ዕዳ ነው፤ እንዲህ ያለ ነገር አይባልም።

ነገሩ የጀመረው አንድ ማክሰኞ ጠዋት ነው። ጋሽ ሜትር መድኃኒቱን የሚውጠው ሁልጊዜ ሁለት ሰዓት ላይ፣ የግድግዳው ሰዓት ሲደውል፣ እዚያው መስፊያ ቤት ተቀምጦ ነው። ልጁ እሑድ እሑድ የሰባት ቀን ሳጥኑን ትሞላለታለች፤ በየክፍሉ የደም ግፊቱ፣ የስኳሩ፣ የልቡ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ያቺ ሞላላዋ ነጭ ክኒን፣ የኤች አይ ቪዋ። «ሌሎቹ አጃቢ ናቸው፣ ሙሽራዋ ይቺ ናት» ይላታል። ያን ጠዋትም ዋጠ፣ ውኃውን ጨለጠ፣ ቀና ሲል ዓይኑ ቀሚሱ ላይ አረፈ። ጠርዙ አራት ጣት ያህል ተቀምቅሟል።

ተጠግቶ አየ። መነጽሩን ጠርጎ ደግሞ አየ። ክሩ ነጭ ነው፤ ስፌቱ ደቃቅና እኩል ነው፣ ግን ወደ ግራ ያዘነብላል። ቀኛማ የሰፋው ስፌት ወደ ቀኝ ነው የሚያዘነብለው፤ ይሄንን ማንም ልብስ ሰፊ ያውቀዋል። የክሩ ጫፍም በመቀስ አልተቆረጠም። በጥርስ ተበጥሶ ተበትኗል። እዚህ ቤት ውስጥ በግራ እጇ የምትሰፋ፣ ክር በጥርሷ የምትበጥስ አንዲት ሴት ብቻ ነበረች። ጋሽ ሜትር በግራ እጇ ምክንያት «ግሬ» እያለ ነበር የሚጠራት።

«ኧረ በፈጣሪ!» አለ፣ ብቻውን።

እሱ ራሱ ሊሆን አይችልም። የቀኝ እጁ ሦስት ጣቶች ከደነዘዙ ሁለት ዓመት አልፏቸዋል፤ ያ የድሮው የኤች አይ ቪ መድኃኒት ትቶለት የሄደው ጠባሳ ነው ይላሉ ሐኪሞቹ። መርፌ ሲይዝ ይወድቅበታል። ስለዚህ የእጅ ስፌት ትቶ፣ የጎረቤት ሱሪ ማሳጠር ካለ በመኪና ብቻ ነው የሚሠራው። ልጁ ከሥራ ስትመለስ ደረጃው ላይ ጠብቆ ያዛት።

«አረንጓዴውን ቀሚስ ነካክተሻል?»

«እኔ?» ሳቀች። «አባዬ፣ እኔ እኮ የወለቀ ቁልፍ በስቴፕለር የምመታ ሰው ነኝ።»

እውነቷን ነው። የልብስ ሰፊ ልጅ ሆና መርፌ ከያዘች ደሟን ሳታይ አትለቅም። «ምን ሆነ?» ብላ ጠየቀችው፤ «ምንም» አላት። ምንም የሚባል ነገር ያን ያህል ላብ አያመጣም፤ ግን ደክሟት ስለነበር አላስተዋለችውም።

ሐሙስ ዕለት ቅምቅማቱ ሁለት ጣት ጨመረ። በሳምንቱ ስንዝር ሆነ። አንዳንድ ቀን አይነካም፣ አንዳንድ ቀን ይጨምራል። ጋሽ ሜትር ሌላ ሌላም ነገር ማስተዋል ጀመረ። መቀሱን ሁልጊዜ ከጠረጴዛው በስተቀኝ ነው የሚያስቀምጠው፤ አሁን በስተግራ ያገኘዋል። ዝቅተኛዋ በርጩማ አሻንጉሊቷ እግር ሥር ተጠግታ ትገኛለች። ሻይ አፍልቶ ይዞ ይገባል፣ አንዴ እንኳ ፉት ሳይለው ይቀዘቅዛል። አንድ ቀን ደግሞ በሩን ሲከፍት አሻንጉሊቷ ፊቷን ወደ በሩ አዙራ ቆማለች። ፊት የላትም እርግጥ ነው፣ ግን ደረቷ ወደ በሩ ነበር። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ወደ መስኮቱ ነበር።

በስድስተኛው ሳምንት ለተለመደው ክትትል ደም ሰጠ። ከዚያ ሲስተር ራሷ ስልክ ደውላ አስጠራችው። ይቺ ሲስተር የመጀመሪያ ቀን መድኃኒቱን የሰጠችው ነርስ ናት፤ አብረው ነው ያረጁት ማለት ይቻላል። በሩን ዘግታ ተቀመጠች። በር ሲዘጋ ክፉ ወሬ እንዳለ ለጋሽ ሜትር ገባው።

«ጋሼ፣ ቫይረሱ ተነሥቷል» አለችው። «ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት አንድ ቀን ስተው አያውቁም። ምን ተፈጠረ?»

«አልሳትኩም።»

«ጋሼ...»

«ልጄን ይንሣኝ! ሳጥኑ በየቀኑ ባዶ ነው። በዚህች ጉሮሮዬ ነው የማወርደው።»

«ካልታዘልኩ አላምንም አለች ሙሽራ» አለች ሲስተር፤ ፊቷ ግን አልሳቀም። «ደሙ ሌላ ነገር ነው የሚነግረኝ። አሁን የሚወስዱት መድኃኒት ቢለመድብንና መሥራት ቢያቆም፣ ቀጥሎ ያለው ኩላሊትዎንም ልብዎንም አይምርም። ለሠላሳ ዓመት ልጅ ቢሆን ሌላ እሰጠዋለሁ። ለእርስዎ ምን ልስጥዎት?»

ከዚያ የያዘውን ፌስታል አስፈትታ መድኃኒቶቹን አንድ በአንድ አየች። የጨጓራ የሚታኘክ ነገር ይወስድ እንደሆነ ጠየቀችው፤ ለአጥንት የሚሆን ካልሲየም ሰው ሰጥቶት እንደሆነ ጠየቀችው፤ አብረው ከተወሰዱ የዚያችን ክኒን ጉልበት ይሰርቃሉና። ምንም የለም። መጨረሻ ላይ፣ «ሦስት ቃል ልስጥዎት፣ ትንሽ ቆይቼ እጠይቅዎታለሁ» አለችው። «ዛፍ፣ ቁልፍ፣ ወንዝ።»

ግፊቱን ለካች፣ ጻፈች፣ ቀና አለች። «እሺ ጋሼ፣ ሦስቱ ቃላት?»

«ዛፍ፣ ቁልፍ፣ ቀሚስ» አለ ጋሽ ሜትር፣ ሳያመነታ።

ሲስተር ብዕሯን አስቀመጠች። «ቀሚስ አላልኩም» አለችው።

ቤት ሲገባ ልጁ ወሬውን ሰምታ ጠበቀችው፤ ሲስተር ለሷም ደውላላት ኖሯል። መቼም ያቺ ልጅ ስትናደድ አትጮኽም፣ ድምፅዋ ይወርዳል። እሱ ነው የሚያስፈራው።

«ክኒኑን የት ነው የምትጥለው?»

«አልጥልም።»

«አይጥ ነው የሚበላው በለኛ! አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ እንዳይሆን ወጥመድ ላጥምድ?» ወንበር ስባ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። «አባዬ፣ ሰልችቶህ ከሆነ ንገረኝ። መኖር ሰልችቶህ ከሆነ እንኳ ንገረኝ። ብቻ አትዋሸኝ። አንተም ትተኸኝ ልትሄድ ነው?»

«አልሄድም ልጄ። አንቺን ትቼ የት አባቴ እሄዳለሁ?» አላት። ስለ ቀሚሱ ግን ትንፍሽ አላለም።

በማግስቱ ልጁ ሥራ ከሄደች በኋላ ወርዶ ቀሚሱ ፊት በርጩማዋ ላይ ተቀመጠ። ቅምቅማቱ የዙሪያውን ግማሽ አልፏል። እጁን ዘረጋ፣ መለሰ፣ ደግሞ ዘረጋ። በደነዘዙት የቀኝ ጣቶቹ ሳይሆን በግራዎቹ ጠርዙን ጨበጥ ጨበጥ አደረገው። በጨርቁ ውስጥ ትንንሽ ደረቅ ነገር ተደርድሯል። አንድ፣ ሌላ፣ ሌላ። ጋሽ ሜትር ከበርጩማዋ ላይ ተነሥቶ፣ በዚያ የሚያመው ጉልበቱ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን ወጣ።

ለምን እንደዚያ እንደፈራ ለማወቅ በዚያ ጠርዝ ውስጥ ቀድሞ ምን እንደነበር ማወቅ ያስፈልጋል። ያንን ደግሞ በዓለም ላይ ከሱ በቀር የሚያውቅ የለም።

የዛሬ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሁለቱም ታመው ነበር። መድኃኒቱ በየጤና ጣቢያው በነጻ ሊሰጥ ነው፣ ዛሬ ነገ ይመጣል ይባላል፤ ግን አልመጣም። አንድ ደንበኛው ከውጭ አገር ሁለት ጠርሙስ አስመጣለት። ለሱ አንድ፣ ለሷ አንድ። በየጠርሙሱ ስልሳ ክኒን፤ ትልልቅ፣ ክብ፣ መሃላቸው ላይ መስመር ያለባቸው። ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ፣ የአንድ ወር። የመጀመሪያዋን አብረው ዋጡ። «ዋጥሽው?» አላት። አፏን እንደ ሕፃን በርግዳ አሳየችውና ሳቀችበት። ከዚያ ወዲያ አልጠየቃትም፤ ሚስት ልጅ አይደለችም፣ በየቀኑ አፍሽን ክፈቺ አይባልም።

አልጋ ላይ ሆና የምትቀመቅመው ቀሚስ ነበራት። እሱ ቆርጦ በመኪና የሰፋላት፣ ጠርዙን ራሷ ልትጨርሰው የወሰደችው አረንጓዴ ቀሚስ። «ስድን ነው የምለብሰው» ትላለች። ጠርሙሷ በየቀኑ ይጎድላል፤ እሷም በየቀኑ ትጎድላለች። ጋሽ ሜትር መድኃኒቱ አልሠራላትም ብሎ ሰማይና ምድሩን ይረግማል። በሠላሳ አራተኛው ቀን ሞተች።

ለቀስተኛው ከተበተነ በኋላ ቀሚሱን ሊያጥፈው ሲያነሣው ከበደው። የልብስ ሰፊ እጅ የጨርቅ ክብደት አይስትም። ጠርዙን በምላጭ ተረተረው። ክኒኖቹ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ጠባብ ኪስ፣ ወደ ግራ ባዘነበለ ስፌት ተሰፍተው ተደርድረዋል። ሃምሳ ዘጠኝ። የሱ ጠርሙስ ካለቀ ሁለት ሳምንት ሊሞላው ነበር፤ ደንበኛውም ሌላ ማግኘት አልቻለም። ግሬ ይሄንን አስቀድማ አውቃ ኖሯል። ጋሽ ሜትር መሬት ላይ ተቀምጦ አለቀሰ፤ ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፣ ያን ቀን አልገደደም። ከዚያ አንዷን አንሥቶ ዋጣት። በየቀኑ እየዋጠ ሃምሳ ዘጠኙንም ጨረሰ። ባለቁ በሦስተኛው ቀን ጤና ጣቢያው መድኃኒቱን በነጻ መስጠት ጀመረ።

እንዲህ ነው የተረፈው። ለማንም አልተናገረም፤ ለልጁማ እንዴት ተብሎ? «እናትሽ መዳኛዋን ለኔ ደብቃ ሞተች፣ እኔም በላሁት» ይባላል? የሚያጽናናው አንድ ነገር ብቻ ነበር፣ ስልሳኛዋ ክኒን። አንዲቷን፣ የመጀመሪያዋን፣ ዓይኑ እያየ ውጣታለች። አንድ ቀን እንኳ ለራሷ ልትኖር ሞክራለች። ጋሽ ሜትር ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሌሊቱን የተኛው በዚያች በአንዲት ክኒን ነው።

አሁን ክኒኖቹ ተመልሰው ጠርዙ ውስጥ ገብተዋል። ጋሽ ሜትር አልጋው ላይ ተቀምጦ፣ መለኪያ ሜትሩን በጣቱ እየጠቀለለ፣ ሌላ ፍቺ አጣለት። ግሬ የሰጠችውን መልሳ እየወሰደች ነው። ሲያስበው መጀመሪያ ፈራ፤ ቀጥሎ ደግሞ፣ ይሄ ነው የባሰው፣ ቀለለው። «ይገባታል» አለ። «ሃምሳ ዘጠኝ አይደል? ትውሰድ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰውዬው መሸሹን ተወ። ሁለት ሰዓት ሲደውል ወርዶ ይቀመጣል። ክኒኑን ያወጣል። ይውጣል፤ በጉሮሮው ሲወርድ ያስታውሰዋል። ብቻ ያ የሚያስታውሰው የዛሬው ይሁን የትናንቱ ይሁን የዚያን ዘመኑ፣ ለይ ቢሉት አይለየውም። ቀና ሲል ሻዩ ቀዝቅዟል፣ የመስኮቱ ብርሃን ከጠረጴዛው ወርዶ ወለሉ ላይ ደርሷል፣ ቅምቅማቱም ጨምሯል። ክፍሉ ሰው ተነሥቶ የሄደበት ይመስላል፣ በርጩማዋም ትሞቃለች። ጋሽ ሜትር «ደህና አደርሽ?» ማለት ጀመረ። ልጁ አባቷ እየከሳ፣ እየገረጣ፣ ግን እየተረጋጋ መሄዱን አየች። መረጋጋቱን ነው የፈራችው። «ክኒኑን ጎህ ሳይቀድ፣ ሳልወጣ በፊት ዋጥ» አለችው። «ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት በሁለት ሰዓት የዋጥኩትን ዛሬ ላናጋው?» ብሎ እምቢ አላት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

በዘጠነኛው ሳምንት፣ አንድ ዓርብ፣ የዳቦ ቤቱ ምድጃ ተበላሸና ሠራተኛው ሁሉ ተበተነ። ጋሽ ሜትር ይሄን አላወቀም።

የግድግዳው ሰዓት ደወለ። ከዓርብ ክፍል ሞላላዋን ክኒን አወጣ፣ መዳፉ ላይ አደረጋት፣ የውኃውን ብርጭቆ አነሣ። ከዚያ ልጁ የግራ እጁን አንጓ ጭብጥ አድርጋ ይዛዋለች። በመካከል ምንም የለም።

በርጩማዋ ላይ ነው የተቀመጠው፣ አሻንጉሊቷ እግር ሥር። የቀሚሱ ጠርዝ ጭኑ ላይ ተዘርግቷል። ግራ እጁ ነጭ ክር ያለበት መርፌ ይዟል። ክኒኗ በጨርቁ እጥፋት ውስጥ ግማሽ ተሰፍታለች።

«ማንን ነው?» አለችው። «ማንን ነው ‹እንቺ ዋጪው› የምትለው?»

«እኔ?» አለ ጋሽ ሜትር። «እኔ አልተናገርኩም።»

«ግማሽ ሰዓት ሙሉ በሩ ላይ ቆሜ ሳይህ ነበር። ‹እንቺ ግሬ፣ የኔን ተይው፣ የራስሽን ዋጪ› ስትል ነበር። ጠራሁህ። ሁለቴ ጠራሁህ።» መርፌውን ከእጁ ቀማችው። ደግሞ እጁን አየች፣ ስፌቱን አየች። «አባዬ፣ በግራ እጅ መስፋት መቼ ተማርክ?»

«አልተማርኩም» አላት። እውነቱን ነበር።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ እጅም እንደዚያው ኖሯል። ጋሽ ሜትር ያን ግራ እጁን እንደ ሌላ ሰው እጅ አገላብጦ ሲያየው ቆየ። ከንፈሩ ላይ የነጭ ክር ብናኝ ተጣብቋል። ከዚያ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት የያዘውን ሁሉ ለልጁ ነገራት፤ ሁለቱን ጠርሙስ፣ አፏን በርግዳ ያሳየችውን ያቺን የመጀመሪያዋን ክኒን፣ ቀሚሱን፣ ሃምሳ ዘጠኙን፣ እየዋጠ ማልቀሱን። «የሷን በልቼ ነው ያሳደግኩሽ» አላት መጨረሻ ላይ። «ልመልስላት ብዬ ይሆናል። እኔ እንጃ። ወይ ደግሞ ራሷ መጥታ...»

ልጁ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ነው የሰማችው። እንባዋ ይወርዳል፣ አልጠረገችውም። ሲጨርስ ድምፅዋ ዝቅ አለ።

«ላንተ ነው የሰጠችው ያለህ ማነው?» አለች። «ዐሥራ አምስት ዓመቴ ነበር። ሁለታችሁም ብትሄዱ እኔን ማን ያሳድገኝ ነበር? እማዬ ያን ሁሉ የሰፋችው አንተ እንድትቀርልኝ ነው። የኔ ነው። ለኔ የተሰጠኝን አንተ ማነህና የምትመልሰው?»

ጋሽ ሜትር ቀና ብሎ አያት። በሕይወቱ እንዲህ አስቦት አያውቅም። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት በሱና በግሬ መካከል ያለ ነገር ብቻ ነበር የመሰለው፤ ልጅቷ በምድጃና በዱቄት ስትደክም።

«ምላጩን አምጪው» አላት።

ቀሚሱን ከአሻንጉሊቷ ላይ አውርደው ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት። ጋሽ ሜትር ተረተረ፣ ልጁ ለቀመች። ሞላላ፣ ነጭ፣ አዳዲስ ክኒኖች፤ እያንዳንዳቸው በየኪሳቸው። ዐርባ አንድ ሆኑ። ዐርባ አንድ ቀን ቫይረሱ እንደ ልቡ የዋለበት ነው። ልጁ እየቆጠረች ከንፈሯን ነከሰች፤ አልተቆጣችውም።

በነጭ ክር የተሰፋው ሁሉ ተተርትሮ አለቀ። ጋሽ ሜትር ምላጩን ሊያስቀምጥ ሲል ግራ አውራ ጣቱ የጎኑ ስፌት ከጠርዙ ጋር የሚገናኝበት ወፍራም ቦታ ላይ ቆመ። አንድ ደረቅ ነገር አለ። ያንን ቦታ በዚያ ዘመን፣ ጣቶቹ ሁሉ ደህና ሳሉ፣ መቶ ጊዜ ዳስሶታል። ምንም አልነበረበትም፤ ይምላል። ክሩን አየው። ነጭ አይደለም። አረንጓዴ ሐር ነው፤ ከዚያ ዓይነት ክር እዚህ ቤት ካለቀ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው።

በምላጩ ጫፍ ከፈተው። ክብ ክኒን ጠረጴዛው ላይ ወድቃ ተንከባለለች። ትልቅ ናት፣ መሃሏ ላይ መስመር አለባት፣ ከመቆየት ብዛት ቢጫ ሆናለች። አንዱ ጎኗ ትንሽ ሟሙቷል፣ ምራቅ ነክቷት እንደደረቀች ዓይነት።

«ይቺ ደግሞ የማን ናት?» አለች ልጁ።

ጋሽ ሜትር ክኒኗን አላነሣትም። እጆቹን ጠረጴዛው ላይ አኑሮ አያት። «ስልሳኛዋ ናት» አለ። ከዚያ እንደ ሕፃን ልጅ ጮኾ አለቀሰ፤ ልጁም እስኪወጣለት ድረስ አቅፋው ቆየች። ግሬ አንዲቷንም አልዋጠችም። ያቺን የሳቀችባትንም ጭምር።

በማግስቱ ተያይዘው ሲስተር ዘንድ ሄዱ። ዶክተሩም ገባ፤ ራሱን መረመሩት፣ የሰዓት ሥዕል አሣሉት፣ ብዙ ጠየቁት። ዕድሜው፣ ስኳሩ፣ ቫይረሱም ራሱ ተጋግዘው አእምሮውን እንደ ብል እዚህም እዚያም ቦርቡረውታል አሉ። ይታከማል፣ ይያዛል፤ መድኃኒቱም እስካሁን ያልተለመደ ይመስላል፣ ፈጥናችሁ ደርሳችኋል አሉ። ብቻውን ግን ከእንግዲህ አይወስድም፤ ሰው እያየው ነው የሚውጠው። የግራ እጁን ነገር ልጁ ስትጠይቅ ዶክተሩ ትከሻውን ነቀነቀ። ሲስተር ያቺን ቢጫ ክኒን በወረቀት ላይ አድርጋ ብዙ ጊዜ አገላበጠቻት። «ይሄ ዓይነት ከጠፋ ስንት ዘመኑ!» አለች። «ጋሼ፣ የት አገኙት?» ጋሽ ሜትር ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተው።

በሚቀጥለው ቀን ልጁ ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ የሥራ ልብሷን ለብሳ ቀሰቀሰችው። ከአልጋው ጫፍ አስቀመጠችው፣ ሞላላዋን ክኒን መዳፉ ላይ አደረገችለት፣ ብርጭቆውን ሰጠችው። ታች መስፊያ ቤቱ ተቆልፏል፤ ቁልፉ አንገቷ ላይ ነው። ጋሽ ሜትር ክኒኗን አፉ ውስጥ ጨመረ፣ ውኃውን ጠጣ፣ ጉሮሮው ከፍ ዝቅ አለ።

«ዋጥከው?»

አፉን በርግዶ አሳያትና ሳቀ። ሳቁን ሲሰማው ራሱ ደነገጠ፤ የሱ ሳቅ አልነበረም።

ልጁ አልሳቀችም። ጎንበስ ብላ አገጩን በጣቶቿ ያዘችው።

«ምላስህንም አንሣ፣ አባዬ» አለችው። «እማዬ ስልሳኛዋን የት አድርጋ እንዳሳለፈቻት ገብቶኛል።»

ምላሱን አነሣ። ከሥሩ ክኒኗ ነበረች፣ አንዱ ጎኗ ትንሽ ሟሙቶ። እሱ እዚያ አላኖራትም። ልጁ ብርጭቆውን ደግማ ሞልታ ሰጠችው፣ አገጩንም ሳትለቅ ጠበቀችው፤ ጋሽ ሜትርም ዓይን ዓይኗን እያየ ዋጠ።